በደከመ እግር ስለ መወዳደር



ከሕመም ወይም ከረጅም ዕረፍት የተመለሰ ሯጭ ይወዳደር ወይስ ይቆይ የሚል ክርክር በተነሣ ቍጥር የሚጠራው ስም አበበ ቢቂላ ነው። በርግጥ አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸንፏል። ዳሩ ግን እርሱ ያቋረጠው ለሳምንታት ነው፤ ከኋላው የብዙ ዓመት ልምምድ ነበረው። ክረምቱን ሙሉ ሳይሮጥ የከረመ ተማሪ በምን ሒሳብ ከእርሱ ጋር ይነጻጸራል?

ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ይበረታሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሹ «ቅደም» ሲለው እግሩ ገና አልደረሰም፤ ጉዳቱም የሚመጣው በዚሁ መካከል ነው።

አይወዳደር ማለቴ አይደለም። በሳምንቱ ልምምድ የደከመ እግር ይዞ 5,000 ሜትር መሮጥ፥ ፍጥነትን ገትቶ ከሆነ፥ ራሱ መልካም ልምምድ ነው። ችግሩ ነጥቡ ነው። በፋኩልቲዎች ውድድር ደረጃ ሁሉ ስለሚቈጠር፥ ቀስ ብሎ ሊሮጥ የወጣው ልጅ ከዳር በምንጮኸው ጩኸት ይፈተለካል። (በማግሥቱ ሲያነክስ ግን ማንም አያጨበጭብለትም።) ስለዚህ ማኅበራችን ከሚመጣው ውድድር በፊት፥ ከሕመም የተመለሱ ሯጮች ከነጥብ ውጭ የሚሮጡበትን ደንብ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ።