አስጠኚ የሚቀጠረው ልጁ ብቻውን ማጥናት እንዲችል ነው

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ የሰፈራችን አስጠኚ ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲዳረስ ሙሉ ቃሉ ከዚህ በታች ቀርቧል።)



የማኅበራችን ሊቀ መንበር ስለ ሥራዬ እንድናገር ሲጠይቁኝ ደስ ብሎኛል። በየቤታችሁ ስገባ ከልጆቻችሁ ጋር እንጂ ከእናንተ ጋር ቁጭ ብዬ የምነጋገርበት ጊዜ አላገኝም። በር ላይ «መምህር፣ እንዴት ነው፣ ለውጥ አለው?» ትሉኛላችሁ፤ እኔም «ደኅና ነው» ብዬ እሄዳለሁ። ዛሬ ያንን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ከቤት ኪራይና ከቀለብ ቀንሳችሁ የምትከፍሉት ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል ማወቅ መብታችሁ ነውና።

በቅድሚያ ከየት እንደመጣሁ ባጭሩ ልናገር። የተወለድኩት በ1966 ዓ.ም. እዚሁ ኮልፌ ነው። ፊደል የቈጠርኩት ከየኔታ ዘንድ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመላ አገሪቱ ተጀመረ። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን የማንበብና መጻፍ ሽልማት ለኢትዮጵያ ያስገኘ ነው። እኔ የ2ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ እናቴም በቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ተመዝግባ መማር ጀመረች። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ደብተሯን ከደብተሬ አጠገብ ትዘረጋለች። እንጀራ ሸጣ ነበር የምታሳድገን፤ የሂሳብ መልስ በቃሏ ከእኔ ቀድማ ትናገራለች፤ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ግን ግራ ይገባታል። ታዲያ «ስድስት እንጀራ ሸጠሽ አራት ቢጨመር» እያልኩ በምታውቀው ጀምሬ ወደ ጽሑፉ አሻግራት ነበር። የመጀመሪያ ተማሪዬ እናቴ ናት ብል ማጋነን አይደለም። ሰው የማያውቀውን የሚማረው የሚያውቀውን መረማመጃ አድርጎ መሆኑን ከእርሷ ነው ያየሁት።

ከዚያ በኋላ በኮተቤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በሒሳብ ትምህርት በዲፕሎማ ተመርቄ ለብዙ ዓመታት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስተማርኩ። በአንድ ክፍል 70 ተማሪ ይቀመጣል፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። አካፍሉት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ 34 ሴኮንድ ያህል ይደርሰዋል። በ34 ሴኮንድ የማን ልጅ ችግር ይታያል? በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይቀጥላል፤ የገባውም ያልገባውም እኩል ይከተላል፤ «ቆይ አንዴ» ብሎ የሚያስቆመው የለም። በበኩሌ ወደ ማስጠናት ሥራ የገባሁት «ቆይ አንዴ» የሚባልበት ቦታ ፍለጋ ነው።

እንግዲህ ወደ አሠራሬ ልግባ።

አንደኛ፤ ወደ አንድ ቤት ስገባ በመጀመሪያው ቀን የክፍሉን መጽሐፍ አላስከፍትም። ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ቀስ በቀስ እየከበዱ የሚሄዱ ጥያቄዎችን በአንድ ወረቀት ጽፌ እሰጠዋለሁ። ዓላማው ክሩ የተበጠሰበትን ቦታ ለማግኘት ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «አልጀብራ አይገባኝም» ይላል፤ ሲታይ ግን የጎደለው የ5ኛ ክፍል ክፍልፋይ ነው። ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁት፤ ብዙ ልጆች ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምረው «ሁለት አምስተኛ» ይላሉ። ያን ጊዜ መልሱ ስሕተት ነው ብዬ አልቈጣም። «ግማሽ እንጀራ በልተህ ሲሶ ብትጨምር የበላኸው ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» እለዋለሁ። «ይበልጣል» ይላል። «ሁለት አምስተኛስ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ስለው ዝም ይላል፤ ከዚያ ይስቃል። እንጀራውን ስድስት ቦታ እንቆርሰዋለን፤ ግማሹ ሦስት ቁራሽ፣ ሲሶው ሁለት ቁራሽ፣ በጠቅላላው አምስት ስድስተኛ። ይህን የያዘ ልጅ ወደ አልጀብራው ሲመለስ መንገዱ ይቀለዋል።

አንዳንድ ወላጅ በዚህ ጊዜ ይቈጣል። «ልጄ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ የ5ኛ ክፍል ትምህርት ታስተምርልኛለህ?» ይላል። አዎን፣ አስተምራለሁ። መሠረቱ የተሰነጠቀ ቤት ጣራው ቢታደስ ምን ይጠቅማል? ይህ ደግሞ ከውጭ የመጣ ዘዴ አይደለም። በየኔታ ዘንድ ፊደል ያለየ ልጅ ወደ ንባብ አይሻገርም፤ ውርድ ንባብ ያልዘለቀ ቁም ንባብ አይጀምርም። በቁርኣን ቤትም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ በየሰሌዳው የየራሱን ትምህርት ይዞ ይቀርባል፤ ያንን ሳያደርስ ሌላ አይጻፍለትም። በሁለቱም ዘንድ ልጅ የሚሻገረው ያለውን ሲያውቅ እንጂ ዓመት ስለ ሞላ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ብዙ የሚናገረው ልጁ እንጂ እኔ አይደለሁም። ጥያቄውን ከሠራ በኋላ «እኔ ተማሪህ ነኝ፤ አስረዳኝ» እለዋለሁ። ማስረዳት ካቃተው አልገባውም ማለት ነው። ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣ ዓይን አፋር ልጅ በዚህ መንገድ አፉ ይፈታል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ!

በተለይ የእንግሊዝኛ ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። በከተማችን ለብዙ ዓመታት ልጆች ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብና ሳይንስ የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ልጅ የሚወድቀው በሒሳቡ ሳይሆን በቋንቋው ነው። ለምሳሌ «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ልጁ ቃላቱን በተርታ ተከትሎ «5 ሲቀነስ ኤክስ» ብሎ ይጽፋል። በአማርኛ ንገረኝ ሲባል «ከኤክስ በ5 የሚያንስ» ይላል፤ በዚህ ጊዜ ኤክስ ቀድሞ፣ 5 ተቀናሽ መሆኑን ራሱ ያየዋል። ስለዚህ ጥያቄውን መጀመሪያ በቤት ቋንቋው ይንገረኝ፤ አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ ግድ የለም። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛው ይሠራዋል።

ሦስተኛ፤ እያንዳንዱ ልጅ የስሕተት ደብተር አለው። የሳተውን ጥያቄ ይጽፋል፤ ለምን እንደ ሳተ ባንድ መስመር ይገልጻል፤ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ መልሱን ሳያይ እንደገና ይሠራዋል። ሁለቴ በትክክል ከሠራው ይሰርዘዋል። ወላጅ ማንበብ ባይችል እንኳ የተሰረዘውንና ያልተሰረዘውን መቁጠር ይችላል።

አራተኛ፤ የቤት ሥራ አልሠራም። ይህን በግልጽ ልናገር። የቤት ሥራውን ሠርቼለት ብሄድ ደብተሩ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ይሞላል፤ ወላጅም ይደሰታል፤ ልጁ ግን ባዶውን ይቀራል። ልጁ ሞክሮ ያቃተውን አሳየኝ ማለት ሌላ ነገር ነው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እናገራለሁ? የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናውን ከሰፈራቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ አይተናል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ከመቶ 8.4 ነበሩ። ይህም ማለት በተሻለው ዓመት እንኳ ከ100 ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው ወደቀ። ሳን ሱሲ የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ትርጉሙ «ያለ ሐሳብ» ነው ይላሉ፤ ውጤት በሚወጣበት ሰሞን ግን በሰፈራችን ሐሳብ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። እዚያ የፈተና ወንበር ላይ አስጠኚ አብሮ አይቀመጥም። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ በየቀኑ ሰው አጠገቡ ሆኖ መልስ ሲያቀብለው የኖረ ልጅ ለብቻው ሲሆን ከየት ያመጣዋል?

ቤንጃሚን ብሉም የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት አንድ ለአንድ የተጠና መካከለኛ ተማሪ በተራው ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶ ከሚሆኑት በልጦ ተገኘ ብሏል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ጥቅሙ አለ፣ ግን የዚያን ያህል አይደለም ብለው አርመውታል። ልብ ማለት የሚገባን፣ በብሉም ጥናት ውስጥ ልጆቹ በየጊዜው እየተፈተኑ፣ የሳቱት እየታረመላቸው፣ ሲያውቁት ብቻ ወደሚቀጥለው ይሻገሩ ነበር። ጥቅሙ የሚገኘው ሰው አጠገብ በመቀመጡ ሳይሆን ስሕተት ተፈልጎ በመታረሙ ነው።

ስለዚህ አስጠኚ ስትቀጥሩ ሦስት ነገር ጠይቁት። ልጄ የጎደለው ምንድን ነው? እንዴት አወቅህ? መቼ ትጨርሳለህ? ሦስተኛውን ሲሰማ የሚደናገጥ አስጠኚ ካለ ጠርጥሩት። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን አስጠናለሁ፤ ከሦስት ወር በኋላ ከወላጅ ጋር ቁጭ ብለን የስሕተት ደብተሩን እናያለን፤ ልጁ ራሱን ከቻለ እሰናበታለሁ። ጓደኞቼ «እንጀራህን በገዛ እጅህ ትቆርጣለህ» ይሉኛል። አንዱ ቤት ሲዘጋ ያ ቤት ለሌላው ይነግርልኛል፤ እስካሁን ጦሜን አላደርኩም።

አስጠኚ መቅጠር ለማይችለውስ? አብዛኛው ነዋሪ እዚህ ውስጥ ነው። ለዚህ ወላጅ የምለው፣ ያልተማረም ቢሆን አራት ነገር ማድረግ ይችላል። ማታ «ዛሬ ምን ተማርሽ፣ እስቲ አስረጂኝ» ብሎ መጠየቅ፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት ቴሌቪዥኑንና ስልኩን መዝጋት፤ በዚያች ሰዓት ልጁን ሱቅ አለመላክ፤ ደግሞም ሴት ልጆቻችንን ማሰብ። ወንዱ ደብተር ይዞ ሲቀመጥ እርሷ ዕቃ ታጥባለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ሕፃን ታዝላለች፤ ደብተሯን የምታገኘው እንቅልፍ ከያዛት በኋላ ነው። በኋላ «ሰነፍ ናት» እንላታለን። ሥራውን ለሁሉም አካፍሉት።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። አዳራሻችን ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ይውላል። ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የጥናት ቤት ይሁን። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች የታችኞቹን ያስጠኑ፤ በክረምት ዩኒቨርሲቲ የገቡት ሲመለሱ ይጨመሩ። በየኔታ ቤትም ከፍ ያለው ተማሪ ለታናሹ ያስጠናል፤ የሚያስጠናውም ትምህርቱ ይበልጥ ይጸናለታል። ልጆቹን በክፍል ሳይሆን ክሩ በተበጠሰበት ቦታ እንመድባቸው፤ የ6ኛ ክፍሉም የ8ኛ ክፍሉም ክፍልፋይ ካልገባቸው አብረው ይማሩ። በሕንድ አገር ፕራታም የተባለው ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በሚችሉት ደረጃ መድቦ በማስተማር ጥሩ ውጤት አግኝቷል። የሚያስጠኑትን ወጣቶች ያለ ክፍያ ለማሠልጠንና በየሁለት ሳምንቱ ተገኝቼ ሥራቸውን ለማየት ቃል እገባለሁ። ከማኅበሩ የሚያስፈልገው የጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ የተወሰኑ አግዳሚ ወንበሮችና ቁልፍ የሚይዝ አንድ ታማኝ ሰው ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ከተካፈልነው አይከብድም።

ልጁን የሚያስመዘግብ ወላጅም ሆነ ማስጠናት የሚፈልግ ወጣት ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ። እኔም ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ስላለሁ ጥያቄ ያላችሁ ቅረቡ።