አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ፦ ክላውድ ኮምፒውቲንግና የኮሌጆቻችን ነገ

(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ በሙያዬ አንድ ነገር እንድናገር ሲጋብዘኝ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። ደስ ያለኝ በዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍል ስሠራ ያየሁትን በገዛ ቋንቋዬ ለወገኖቼ ለመናገር ዕድል በማግኘቴ ነው። የፈራሁት ደግሞ ከምሳ በኋላ ስለ ኮምፒውተር የሚሰማ ጆሮ አይገኝም ብዬ ነው። ስለሆነም ከኮምፒውተሩ ሳይሆን በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች እጀምራለሁ።

ባለፈው ክረምት ኮሚቴው ለዚህ በዓል የ10 ዓመቱን ፎቶግራፍ፣ ቃለ ጉባኤና የቅዳሜውን የአማርኛ ትምህርት ቤታችንን ጽሑፎች ማሰባሰብ ጀመረ። አብዛኛው የተገኘው በአንድ ቦታ ነበር፤ ይኸውም ጸሐፊያችንን ትረዳ የነበረች አንዲት ልጃችን ኮሌጇ በነፃ በሰጣት የክላውድ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። ልጅቷ ይህን ያደረገችው በቅንነት ነው፤ ማኅበሩም ለማስቀመጫ የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። ነገር ግን ከተመረቀች በኋላ ኮሌጁ አካውንቷን ሊዘጋ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ላከ። ማስጠንቀቂያው የተላከው በዚያው በኮሌጁ ኢሜይል ስለነበረና እርሷም ሥራ ከያዘች ወዲህ ስለማትከፍተው፣ ያየችው የመዝጊያው ቀን ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። ሦስት ሰዎች ሁለት ሌሊት ቁጭ ብለን ሁሉንም አወረድነው።

የመጀመሪያው ዓመት የእንቁጣጣሽ በዓል ቪዲዮ ግን ከእርሷ በፊት በተመረቀ ሌላ ልጃችን አካውንት ውስጥ ነበር። ያ አካውንት ከተዘጋ ቆይቷል። በዚያ ቪዲዮ ላይ ዛሬ በሕይወት የሌሉት የመጀመሪያው ሊቀ መንበራችን ቆመው ማኅበሩን ሲመርቁ ይታዩ ነበር። እዚያ የነበርን ሰዎች እናስታውሳቸዋለን። ልጆቻችን ግን ድምፃቸውን አይሰሙም።

አበው «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። ስለ ክላውድ የምነግራችሁ ነገር በሙሉ ከዚህ አባባል አይወጣም። ክላውድ ማለት በአጭሩ የራስን ዕቃ ሌላ ሰው ቤት በአደራ ማስቀመጥ ነው። ኮሌጆች ደግሞ የልጆቻችንን ውጤት፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የምርምር ሥራ በዚህ አደራ ውስጥ እየከተቱ ነው።

ስሙ ደመና ቢሆንም ነገሩ ሰማይ ላይ አይደለም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ልንቀበል ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ ከዚያ አለፍ ብሎ አሽበርን የሚባል ቦታ አለ። በዚያ አካባቢ፣ በላውደን ካውንቲ፣ መስኮት የሌላቸው ታላላቅ ሕንፃዎች ተደርድረው ይታያሉ። እነዚያ ዳታ ሴንተሮች ናቸው፤ ይህን ያህል ብዛት ያላቸው በአንድ ቦታ ተሰብስበው የሚገኙበት ሥፍራ በዓለም ላይ የለም። ደመናው ያለው እዚያ ነው። ከመካከላችንም እዚያው በጥበቃና በቴክኒክ ሥራ የሚተዳደሩ አሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጆን ማካርቲ የተባለው የኮምፒውተር ሊቅ በ1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባደረገው ንግግር፣ ስልክ ለሕዝብ በአገልግሎት መልክ እንደሚቀርብ ሁሉ የኮምፒውተር ጉልበትም እንዲሁ ሊቀርብ ይችላል ብሎ ነበር። ቧንቧ ያለው ቤት ጉድጓድ እንደማይቆፍር ሁሉ፣ ትልቁን ኮምፒውተር ሌላው ይግዛው፣ እኛ በተጠቀምነው ልክ እንክፈል ማለት ነው። ሐሳቡ በሰፊው በሥራ ላይ እስኪውል ግን ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ። አማዞን ማስቀመጫና የኮምፒውተር ጉልበት በኢንተርኔት ማከራየት የጀመረው በ2006 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን ኢሜይል ወደ ጉግል ማዛወር ጀመረ።

ከዚያ በፊት እኛ የኮምፒውተር ሠራተኞች በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ውስጥ ሰርቨሮቹን እየጠበቅን ነበር የምንኖረው። ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈተው የሚውሉት መኪናዎች የምዝገባ ሳምንት ሲደርስ ይጨናነቁና ይቆማሉ፤ እኛም ሌሊቱን እዚያው እናድራለን። ክላውድ ይህን ችግር ፈቶታል። ለአንድ ሳምንት የሚያስፈልገውን ጉልበት ለአንድ ሳምንት ብቻ መከራየት ተቻለ። በማርች 2020 በኮቪድ ምክንያት ኮሌጆች በራቸውን ሲዘጉ ልጆቻችን ከመኝታ ቤታቸው ትምህርታቸውን መቀጠል የቻሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ውለታ መካድ አይገባም።

ይሁን እንጂ በነፃ የተሰጠ ነገር ሁሉ በነፃ አይቆይም። ጉግል ለትምህርት ተቋማት ያለ ገደብ ይሰጥ የነበረውን ማስቀመጫ እንደሚያቆም በፌብሩዋሪ 2021 አስታወቀ። አዲሱ መነሻ ለአንድ ተቋም በሙሉ በጋራ 100 ቴራባይት ሆነ። ማይክሮሶፍትም በ2023 ለትምህርት ተቋማት ተመሳሳይ የ100 ቴራባይት ገደብ እንደሚያደርግ ገለጸ። በአሥር ሺህ የሚቆጠር ተማሪ ላለው ዩኒቨርሲቲ ይህ ለአንድ ሰው ሲካፈል ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪውን ድርሻ ቀነሱ፣ የተመራቂዎችንም አካውንት መዝጋት ጀመሩ። የእኛም ፎቶግራፎች የተነኩት በዚህ ዘመን ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ሁሉም በአንድ ምሰሶ ላይ መደገፉ ነው። ኦክቶበር 20 ቀን 2025 እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለው የአማዞን ክላውድ ክፍል ተበላሸ። በዚያው ቀን ብዙ ኮሌጆች የቤት ሥራ የሚቀበሉበትና ፈተና የሚሰጡበት ካንቫስ የተባለው አገልግሎት አብሮ ቆመ። እዚህ አጠገባችን የተበላሸ አንድ ነገር በሌላ ክፍለ ሀገር ያለ ተማሪን ከፈተናው አስቀረ ማለት ነው።

እንግዲያው ወደ ድሮው ምድር ቤት እንመለስ የሚል ሊኖር ይችላል። እርሱም መፍትሔ አይሆንም። በዲሴምበር 2021 በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ኮምፒውተር ላይ መጠባበቂያ የሚገለብጠው ፕሮግራም ተሳስቶ 77 ቴራባይት የሚሆን ፋይል አጠፋ። ይህ የሆነው በዩኒቨርሲቲው በራሱ ማስቀመጫ ላይ ነው። ስለዚህ ዕቃው በራስ ቤትም ይሁን በሰው ቤት፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው ቅጂ እንደሌለው ይቆጠራል።

መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ የሩቅ ጎተራ አይጠቅምም። በ2020 ከጁን መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ለቤተሰብ ደውለን ስናጣ ምን ያህል እንደተጨነቅን አልረሳነውም። በዚያን ጊዜ መጽሐፉም ማስታወሻውም ክላውድ ላይ ብቻ የነበረ ተማሪ ምን ሊያነብ ይችል ነበር? ለአገር ቤት ትምህርት ቤቶች ዕርዳታ በምናስብበት ጊዜ ከኢንተርኔቱ ጋር ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቅጂም መላክ እንዳለብን ይህ ያስተምረናል።

ወደፊት ምን ይጠበቃል? እኔ እንደሚመስለኝ ኮሌጆች ከክላውድ አይወጡም፤ ይልቁንም የበለጠ ይገቡበታል። ለዚህ ዋናው ምክንያት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በፌብሩዋሪ 2025 በ23ቱ ካምፓሶቹ ለሚማሩ ከ460,000 በላይ ተማሪዎች ቻትጂፒቲን እንደሚያቀርብ አስታውቋል። ይህን የሚያህል ጉልበት በራሱ ምድር ቤት ማኖር የሚችል ኮሌጅ እምብዛም የለም።

ጉልበቱ ግን ዋጋ አለው። በ2023 በአሜሪካ ከተበላው ኤሌክትሪክ 4.4 በመቶ ያህሉን የወሰዱት ዳታ ሴንተሮች ናቸው። በሌላ በኩል የሥራ ዕድልም አለው። የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በ2018 ከአማዞን ጋር በመተባበር የክላውድ ትምህርት በሁለት ዓመት ዲግሪ መስጠት ጀምሯል። ታክሲ እየነዳችሁ ወይም በጥበቃ ሥራ ላይ ሆናችሁ ሌላ ሙያ የምትፈልጉ ወገኖች ይህን በር አንኳኩ።

ኮሌጆች ከኩባንያዎች ጋር ሲዋዋሉ ሊጠይቁት የሚገባው ትልቁ ጥያቄ «ስንገባ ስንት እንከፍላለን?» የሚለው ሳይሆን «ስንወጣ ዕቃችንን እንዴት ይዘን እንወጣለን?» የሚለው ነው። ለብዙ ዓመታት ማስገባቱ በነፃ፣ ማውጣቱ ግን በክፍያ ነበር። ደንበኛው ጥሎ ሲሄድ የሚጠየቀውን ይህን ክፍያ ጉግል በጃንዋሪ 2024፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት ደግሞ በማርች 2024 እንደሚያስቀሩ አስታወቁ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ከጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ጀምሮ ወደ ሌላ ኩባንያ ለመዛወር ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል። ይህ መልካም ጅምር ነው። ሕግ ግን የሚጠቅመው መብቱን ለሚያውቅ ብቻ ነው።

ወላጆችም ልናውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፈርፓ በመባል የሚታወቀው የ1974 የአሜሪካ ሕግ ተማሪው የራሱን የትምህርት መዝገብ የማየት መብት ይሰጠዋል። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ መብቱ ከወላጅ ወደ ልጁ ይተላለፋል። መዝገቡ የትም ይቀመጥ፣ አደራውን የተቀበለው ኮሌጁ ነው፤ ስለዚህ ተጠያቂው እርሱ ነው። ልጆቻችሁ ኩባንያውን ሳይሆን ኮሌጁን ይጠይቁ።

በመጨረሻም ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ምክሬን በአጭሩ ላቅርብ።

ተማሪዎች ሆይ፣ የምረቃ ልብሳችሁን ከመከራየታችሁ በፊት ጽሑፋችሁን፣ ፎቶግራፋችሁንና ኢሜይላችሁን ከኮሌጁ አካውንት አውርዱ። የባንክም ሆነ የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን በኮሌጅ ኢሜይል አትመዝግቡ፤ አካውንቱ ሲዘጋ የእናንተም በር አብሮ ይዘጋል። ለማይጠፋ ነገር በሙያችን የታወቀ ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን።

ለማኅበራችን ደግሞ የሚከተለውን ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በማንም ግለሰብ ስም ያልሆነ፣ በማኅበሩ ስም የተከፈለበት የክላውድ ማስቀመጫ እንዲኖረንና ቁልፉን ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በጋራ እንዲይዙት፤ ሁለተኛ፣ የዚያው ሙሉ ቅጂ በሁለት ዲስኮች ተገልብጦ በሁለት አባላት ቤት እንዲቀመጥ፤ ሦስተኛ፣ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ከመድረሱ በፊት ዲስኮቹ ተከፍተው እንዲፈተሹ። የሚያስወጣው ገንዘብ ለአንድ በዓል ከምንገዛው ለስላሳ መጠጥ አይበልጥም።

አንድ ልመናም አለኝ። የሊቀ መንበራችን ቪዲዮ ጠፍቷል። ነገር ግን በዚያን ዕለት በአዳራሹ የነበራችሁ፣ የምርቃታቸውን ቃል ግማሹንም ቢሆን የምታስታውሱ፣ ወይም በስልካችሁ የቀዳችሁ ሰዎች ሳትኖሩ አትቀሩም። እባካችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ለጸሐፊያችን ንገሯት። የተገኘው ሁሉ በመጽሔታችን ላይ ይታተማል። ወረቀትም አንድ ቅጂ ነው፤ ፓስወርድም አይጠይቅም።

ለሚቀጥለው 10 ዓመት በሰላም ያድርሰን።