ጫጩት የሚቆጠረው መቼ ነው?

(በምእመናን ተወካዮችና በፕሮጀክት ሠራተኞች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተሰጠን ርእስ ትንሽ መስሎ የሚታይ ነው፤ ይኸውም ዶሮን እንቁላል አስታቅፎ ጫጩት ስለ ማስፈልፈል ነው። ከመካከላችሁ «ይህ ደግሞ ንግግር ያስፈልገዋልን? እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም በላስታ ሥራ ስንጀምር እንዲሁ አስበን ነበር። ስለዚህ የተማርነውን ብቻ ሳይሆን የተሳሳትነውንም ልንነግራችሁ ወደናል፤ ስሕተቱ የተፈጸመው በእናንተ ስጦታ ላይ ነውና።

ላስታን ያየ ሰው ያውቀዋል። ላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በአጠገቧ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ሌሊቱ ይበርዳል፣ መሬቱ ተዳፋት ነው፣ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ጠባብ ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ በሽማግሌዎች ዘንድ ዛሬም ይነገራል። ሰው ሲቸግረው በመጀመሪያ ዶሮውን፣ ቀጥሎ ፍየሉን፣ በመጨረሻም በሬውን ይሸጣል። ከችግር ሲወጣም በዚያው መሰላል ነው የሚወጣው፤ እንቁላሉ ዶሮ ይሆናል፣ ዶሮዎቹ ተሸጠው ግልገል ይገዛሉ፣ ፍየሎቹም ጥጃ ያመጣሉ። ታቃፊዋ ዶሮ የዚህ መሰላል የመጀመሪያው መርገጫ ናት።

እኛ ለመበለቶችና ለአቅመ ደካሞች ቄብ ዶሮዎችን አከፋፈልን። ዶሮዎቹ አድገው እንቁላል ታቀፉ፣ ጫጩቶችም ተፈለፈሉ። እኛም የተፈለፈሉትን ቆጥረን ሪፖርት ጻፍን፤ ሪፖርቱን የሰሙ ሁሉ እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ወደ አንዲት አሮጊት እናት ቤት ገብተን፣ «እማማ፣ ስንት ጫጩት አለዎት?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፣ «የየትኛውን ቀን ልንገራችሁ ልጆቼ? በተፈለፈሉ ዕለት አሥራ አንድ ነበሩ፤ በሳምንቱ ሰባት ቀሩ፤ ዛሬ ያሉት ሁለት ናቸው» አሉን። በእኛ መዝገብ የተጻፈው ግን አሥራ አንድ ነበር።

በዚያ ቀን አፈርን። ከዚያም ቤት ለቤት ዞረን ስንቆጥር በብዙዎቹ ዘንድ ከግማሽ በላይ ጠፍቶ አገኘን። በአገራችን ገጠር የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ በእናታቸው ሥር ከሚያድጉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ። እንግዲህ የሀገራችን ዶሮ መፈልፈሉን አሳምራ ታውቅበታለች። የሰው እርዳታ የሚያስፈልጋት ይልቁንም ከፈለፈለች በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ከእናቶች ጋር ሆነን የተማርነውን በየተራ እንናገር።

በመጀመሪያ፣ የዶሮዋ ምርጫ ነው። ለመታቀፍ የደረሰች ዶሮ ድምፅዋ ይለወጣል፣ ላባዋን ትነፋለች፣ ከጎጆዋም አልነሣም ትላለች። ነገር ግን ሁሉም እንድትታቀፍ አይገባም። ሰውነቷ ሰፋ ያለ፣ ጤነኛ፣ ከዚህ በፊትም ጫጩቶቿን በደንብ ያሳደገች ትመረጥ። ከመታቀፏ በፊት ቅማልና ቁንጫ እንዳይኖርባት ላባዋን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል፤ ተባይ የሚበላት ዶሮ እንቁላሉን ጥላ ትነሣለችና።

ሁለተኛ፣ እንቁላሉ ነው። አውራ ዶሮ በሌለበት ደጅ የተጣለ እንቁላል ጫጩት አይሆንም። ከሳምንት ወይም ቢበዛ ከዐሥር ቀን ያልበለጠ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ንጹሕና መካከለኛ መጠን ያለው ይመረጥ። እንቁላሉ አይታጠብ። እስኪታቀፍ ድረስም ከምድጃው ርቆ በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ። ለአንዲት የሀገር ዶሮ ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት ይበቃታል፤ በብርድ ወራት ደግሞ ይቀነስላት። ክንፏ የማይሸፍነው እንቁላል ይበርደዋል፤ ስትገላብጠውም በየተራ እየወጣ ሌላውንም ያበላሻል።

ሦስተኛ፣ የመታቀፊያው ጊዜ ነው። ጭድ የተነጠፈበት ቅርጫት ወይም ሰፊ ሸክላ ጸጥ ባለና ጨለም ባለ ማዕዘን ይቀመጥ፤ ዶሮዋም አመሻሽ ላይ ትታቀፍ። ሌላ ዶሮ መጥታ እንቁላል ብትጨምርበት እንዲለይ፣ የታቀፈችው ሁሉ በከሰል ምልክት ይደረግበት። በቀን አንድ ጊዜ ለሩብ ሰዓት ያህል ተነሥታ እንድትበላ፣ እንድትጠጣና እንድትጸዳ ያስፈልጋል፤ አልነሣም ካለች በእጅ ቀስ አድርጎ ማንሣት ነው። በሰባተኛው ሌሊት እንቁላሉን በባትሪ ብርሃን ፊት ይዞ ማየት ይቻላል። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ቀይ የደም ሥር ከታየበት ሕይወት አለው፤ ጥርት ብሎ ካበራ ግን ባዶ ነውና ይውጣ። በ21ኛው ቀን ጫጩቱ ቅርፊቱን ይሰብራል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ዶሮዋን ማንም አይንካት። ጫጩቱም ዘገየ ተብሎ በእጅ ተጎትቶ አይውጣ።

ሁለት ዶሮዎች በአንድ ቀን ቢታቀፉ ትልቅ ጥቅም አለው። በዕድሜ እኩል የሆኑትን ጫጩቶች በሌሊት ለአንዲቱ ብንጨምርላት ሳትለይ ታሳድጋቸዋለች፤ ሁለተኛይቱም ቶሎ ወደ መጣል ትመለሳለች።

አራተኛ፣ ከመታቀፍ የምንከለክላት ዶሮ ነገር ነው። የሀገር ዶሮ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ አምስት እንቁላል ያህል ትጥላለች። በየጊዜው ከታቀፈች ለገበያ የሚተርፍ አይኖርም። ብዙ ሰው መታቀፉን ለማስተው ቁልቁል ይሰቅላታል፣ ወይም ላባ በአፍንጫዋ ይሰካል። ይህ ጭካኔ አያስፈልግም። ከሥሩ ነፋስ በሚያገኘው፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ከመኖና ከውኃ ጋር ሦስት አራት ቀን ብትቀመጥ ሆዷ ይቀዘቅዛል፤ መታቀፉንም ትተዋለች።

አምስተኛ፣ ዋናው ነገር የጫጩቶቹ ጥበቃ ነው። ለመጀመሪያው አንድ ወር ቀን ቀን ከእናታቸው ጋር በትልቅ ቅርጫት ሥር ይዋሉ፤ ማታ ቤት ይግቡ። ጭልፊትና ቁራ በቀን፣ ሸለምጥማጥ በሌሊት የሚወስዱት እንዲሁ የተለቀቀውን ነው። የገብስ ወይም የማሽላ ሽርክት ይሰጣቸው፤ ምስጥ ከተገኘም እጅግ መልካም ነው። የውኃው ዕቃ ዝቅ ያለ ይሁን፤ እንዳይሰጥሙም ጠጠር ይደረግበት። ከሁሉ ይልቅ ግን ፈንግልን እንፍራ። ይህ በሽታ የአንድን መንደር ዶሮ በጥቂት ቀናት ይጨርሳል። ከታመመ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ክትባት ግን አለ፣ በቢሾፍቱም በአገራችን ይዘጋጃል። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮዎች ስለሚሆን ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢጠራ ይሻላል። ከገበያ የመጣ ዶሮም ወዲያው ከቤቱ ዶሮዎች ጋር አይቀላቀል።

ጊዜውንም ማወቅ ይገባል። አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክሳውያን ናቸውና በጾም እንቁላል አይበሉም፤ ስለዚህ በዐቢይ ጾም በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ዋጋው ይወርዳል። ያን ጊዜ የረከሰውን እንቁላል ማስታቀፍ ጥበብ ነው። በመጋቢት የተፈለፈለ ጫጩት ክረምቱ ሳይበረታ ሦስት ወር ይሞላዋል፤ በእንቁጣጣሽም ኮርማው ለገበያ ይደርሳል። ገና ሲቃረብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ምእመናን ለበዓሉ ወደ ላሊበላ ይመጣሉ፣ ጾሙም ይፈታል፤ ያን ጊዜ ያለው እንቁላል ቢሸጥ ይሻላል።

አንዳንድ ደጋፊዎቻችን በመልካም ልብ፣ «ስለ ምን የኤሌክትሪክ መፈልፈያ አንገዛም? ስለ ምን የውጭ ዝርያ አናመጣም?» ብለው ጠይቀውናል። እንደ ቦቫንስና እንደ ሎህማን ያሉት ዶሮዎች መኖ በተሟላላቸው ቦታ የሚጥሉት እንቁላል ከሀገር ዶሮ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን መታቀፍን እንዲተዉ ሆነው የተራቡ ስለ ሆኑ፣ ሲያልቁ የሚተካቸው ከሩቅ በመኪና የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ፤ ከተማይቱም ለብዙ ወራት ያለ መብራት ቆየች። በዚያ ወራት ያለ መብራትና ያለ መኪና ልትፈለፍል የምትችል ታቃፊዋ ዶሮ ብቻ ነበረች። የውጭውን ዝርያ አንንቅም፤ ዳሩ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ።

የተወደዳችሁ ሆይ፣ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆችዋ ጋር እንዳይወስድ፣ እርስዋን እንዲለቅቃት ታዝዟል። እናቲቱ ካለች ነገም ይኖራልና። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ስለ ኢየሩሳሌም ሲያዝን ፍቅሩን የመሰለው በንስር አይደለም፣ ጫጩቶችዋን ከክንፎችዋ በታች በምትሰበስብ ዶሮ ነው እንጂ።

እኛም ከዚህ በኋላ የምንጽፍላችሁ የተፈለፈሉትን ሳይሆን ሁለት ወር የሞላቸውን ነው። ቁጥሩ እንደ በፊቱ ብዙ አይሆንም፤ እውነት ግን ይሆናል። የፕሮጀክት ሠራተኞች ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በስምንተኛው ሳምንት ተመልሳችሁ ሳትቆጥሩ መዝገብ አትዝጉ። እናንተም ምእመናን ትንሹን ቁጥር ስትሰሙ አትዘኑ፤ ጸልዩልን፣ ስለ ክትባቱም አስቡ። እነዚያ እናት ባለፈው ጊዜ ስንጎበኛቸው ዘጠኝ ጫጩት ታቅፈው ከነበሩት ውስጥ ስድስቱን አሳድገው፣ አራቱን ሸጠው አንዲት ግልገል ለመግዛት ዋጋ ሲጠይቁ አገኘናቸው። «አሁን ቁጠሩ» አሉን።