ግዕዝ ቁጥር የሚያነብ ነጋዴ

እዚህ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ፣ ቅዳሜና እሑድ በሆቴል ወይም በእሳት አደጋ ጣቢያ አዳራሽ የሚካሄዱ ትናንሽ የሳንቲም ባዛሮች አሉ። ዛሬ የምናገረው እዚያ ለመጎብኘት ስለመሄድ ሳይሆን ጠረጴዛ ተከራይቶ ስለመነገድ ነው። የአገራችን የኢትዮጵያ ሳንቲሞች በእነዚህ አዳራሾች ይዞራሉ፤ የሚያነባቸው ነጋዴ ግን ጥቂት ስለሆነ ነው ርእሱን የመረጥኩት።

የባዛሩ ትልቁ ንግድ የሚካሄደው ሕዝቡ ከመግባቱ በፊት ነው። ነጋዴዎች ቀድመው ገብተው ዕቃቸውን ሲዘረጉ እርስ በርሳቸው ይገዛዛሉ። በአሜሪካ የብር ዶላር የሚነግድ ሰው የአንድ ሟች ስብስብ በጅምላ ሲገዛ የሌሎች አገሮች ሳንቲም አብሮ ይመጣለታል። እሱ የሚፈልገው ዶላሩን ነው፤ የቀረውን በሣጥን አድርጎ ሁሉንም በአንድ ዋጋ ያወጣዋል። እኛ ሥራችንን የምንጀምረው ከዚያ ሣጥን ነው።

ለምሳሌ ስሙኒን፣ ባለ 25 ሳንቲሙን፣ እንውሰድ። በዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከወጡት ሳንቲሞች በብዙዎቹ ላይ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት ፲፱፻፴፮ ነው፤ ይህ ዓመት ሳይለወጥ ለረጅም ጊዜ ስለታተመ ሳንቲሙ በትክክል መቼ እንደተሠራ አይነግራችሁም። የመጀመሪያው ባለ 25 ሳንቲም ጠርዙ ክብ ነበር። መጠኑ ከሽልንጉ፣ ከ50 ሳንቲሙ ጋር ስለተቀራረበ ተሰበሰበና ጠርዙ እንደ አበባ የተቀረጸው ተተካ። ባለ አበባ ጠርዙ በየሣጥኑ ይገኛል፤ ክቡን ግን ሰብሳቢ ይፈልገዋል። ሽልንጉ ራሱ ከብር የተሠራ ስለሆነ በመዳብ ሳንቲሞች መሀል ተደባልቆ ስታገኙት አትለፉት።

የዓፄ ምኒልክ ብርም እንዲሁ በጥቃቅን ልዩነት የሚለያይ ነው። የታተመው ፓሪስ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው በአንድ ገጽ፣ አንበሳው በሌላው ገጽ አለ። ዓመተ ምሕረቱ ፲፰፻፹፱ ከሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር 1896 ወይም 1897 ማለት ነው። ካታሎጎች ደግሞ አንበሳው የግራ ወይም የቀኝ የፊት እግሩን ማንሳቱን ለይተው ይመዘግባሉ። ግዕዝ ቁጥር የማያነብ ነጋዴ ሁለቱን አንድ አድርጎ ሊሸጣቸው ይችላል፤ እናንተ ግን ዓመቱንም እግሩንም እዩ።

አሁን ወደ ጠገራ ብር፣ ወደ ማሪያ ቴሬዛው ብር፣ ልምጣ፤ ከሁሉ የበለጠ ጥያቄ የሚመጣብኝ በእሱ ነው። ብሩ ላይ 1780 ተጽፎ ስታዩ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ዕቃ ያገኛችሁ ሊመስላችሁ ይችላል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያው ዓመት ሞተች፤ ቀኑ ግን ሳይቀየር ብሩ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይ እና በሌሎችም ቦታዎች ሲታተም ኖሯል። ጣልያን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1935 ለኢትዮጵያ ወረራ ስትዘጋጅ የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም አትማለች። ቪየና እስከ ዛሬ ታትማለች። ስለዚህ ብዙዎቹ ጠገራ ብሮች ዋጋቸው የብረቱ ዋጋ ነው ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። የድሮዎቹን ከኋለኞቹ የሚለዩት የንግሥቲቱ ጌጥ፣ የንስሩ ላባ አቀማመጥና የመሳሰሉት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው፤ አጉሊ መነጽር ሳትይዙ ጠረጴዛ አትከራዩ።

የሒሳቡን መሠረት ልንገራችሁ። ጠገራ ብር ወደ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው። የምኒልክ ብርም ከጠገራው ጎን እንዲዞር በዚሁ ልክ ተሠራ። የብር ዋጋ የሚነገረው በትሮይ አውንስ ነው፤ እሱ 31.1 ግራም ነው። ስለዚህ አንድ ጠገራ ብር የአውንሱን ሦስት አራተኛ ዋጋ ያህል ብር ይዟል። አውንሱ 40 ዶላር ቢሆን የብረቱ ዋጋ 30 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጡ የዕለቱን ዋጋ እዩ፤ ሚዛንም ያዙ። ክብደቱ በግልጽ ከጎደለ፣ ማግኔት ከሳበው ወይም በጠርዙ ላይ መኖር ያለበት ጽሑፍ ከሌለ አትግዙ።

ከብረቱ ዋጋ በላይ ያለው የሚወሰነው በሳንቲሙ ይዞታና በፈላጊው ብዛት ነው። ቶሎ በሚሸጥ የአሜሪካ ሳንቲም ላይ ነጋዴ በጥቂት ትርፍ ይሠራል። የአገራችንን ሳንቲም ግን ገዢ እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ልትይዙት ስለምትችሉ፣ ስትገዙ ዝቅ አድርጋችሁ መግዛት ይኖርባችኋል። ነጋዴ የሚያተርፈው ሲገዛ ነው፤ በውድ የተገዛን ሳንቲም የትኛውም የድርድር ችሎታ አያድነውም።

እዚህ ላይ በጣም የማምንበትን ልናገር። አንዲት እናት የእናታቸውን የአንገት ጌጥ ይዘው ወደ ጠረጴዛችሁ ይመጣሉ፤ ጠገራ ብሮች ተበስተው የተሰኩበት፣ መሀል ላይ ምናልባት የምኒልክ ብር ያለበት። ከሌላ ነጋዴ ሣጥን ያላወቀውን ነገር መርጦ መግዛት በዚህ ሙያ ውስጥ ተገቢ ነው፤ እሱም የሚያውቅበት ዘርፍ አለው፣ ዋጋውንም ራሱ ጽፏል። ከእማማ ግን በዝምታ መግዛት ነውር ነው። ምን እንደያዙ ይነገራቸው፤ የብረቱ ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ መበሳቱ ለሰብሳቢ ዋጋውን እንደሚቀንሰው፣ ጌጡ ሙሉ እንደሆነ ቢቆይ ግን ከተበተነው የበለጠ ሊፈለግ እንደሚችል ይነገራቸው። ከዚያ የምትከፍሉትን ንገሯቸውና ቤት ሄደው ከልጆቻቸው ጋር እንዲመክሩ ጊዜ ስጧቸው። እንደገና የሚመጡት፣ ጎረቤትም የሚልኩት በዚህ ነው።

በቤታችሁ ያለውንም ሳንቲም አትጠቡት። በአመድና በሎሚ ማሸት፣ በጥርስ ሳሙና መፈተግ ብሩን ያበራዋል፤ ሰብሳቢ ግን ጭረቱን በመጀመሪያ እይታ ይለየዋል፤ ዋጋውም ወደ ብረቱ ዋጋ ይወርዳል። ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢትም ከጊዜ በኋላ ሳንቲሙን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ለሳንቲም ተብሎ የተሠራ ማቀፊያ ግዙ።

የአክሱም ሳንቲም የሚያቀርብላችሁ ሰው ቢኖር ከየት እንደመጣ የሚያሳይ የቆየ ሰነድ ጠይቁ። ሰነድ ከሌለ መልሱለት። የኢትዮጵያ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ የአክሱም ነገሥታት የኢንዱቢስና የኢዛና ሳንቲም ከአፈር ወጥቶ በኪስ ሲሻገር የታሪካችን ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ትርፍ ቢኖረውም በእኔ ጠረጴዛ ቦታ የለውም።

ሁለት ነገሮችን በአጭሩ ልጨምር። የሽያጭ ታክስ ቁጥርና ከሕዝብ ብርና ወርቅ ለመግዛት የሚያስፈልገው ፈቃድ በየስቴቱና በየካውንቲው ይለያያል፤ የጠረጴዛ ኪራይ ከመክፈላችሁ በፊት አዘጋጆቹንና የካውንቲውን ቢሮ ጠይቁ፤ ለገዛችሁትም ለሸጣችሁትም ደረሰኝ ያዙ። ሌላው የመውጫ ሰዓት ነው። የሳንቲም ነጋዴዎችን ከባዛር እየተከተሉ የሚዘርፉ አሉ። የባዛሩን ስም የያዘውን ባጅ በሩ ላይ አውልቁ፤ ዕቃውን መኪና ውስጥ ትታችሁ ምግብ ቤት አትግቡ፤ የሚከተላችሁ መኪና ካለ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ንዱ።