በሽታና ረሀብ በአንድ ሚዛን

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ትምህርት)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።



በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ በኮሮና ጊዜ በየቤታችን፣ በየመስጂዳችን በራፍና በየገበያው ሲያከራክረን የነበረ ነው። በሽታው ጋብ ሲል ክርክሩ ሳይቋጭ ቀረ። ጥያቄው እንዲህ ነው፤ ወረርሽኝ ሲመጣ ገበያውና መንገዱ ይዘጋ ወይስ ይከፈት? ከተዘጋ በቀን ገቢው የሚያድረው ሰው ምን ይበላል? ከተከፈተስ አቅመ ደካማው፣ አዛውንቱና ሕመምተኛው ማን ይጠብቃቸዋል?

«ያለፈ ነገር ነው፤ አሁን ለምን ይነሳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን የአስቸኳይ ጊዜ ያነሳው በሚያዝያ 2015 ነው። ይሁንና ወረርሽኝ ከዓለም አልጠፋም። በ2014 መጨረሻ ባሌ ላይ የተነሳው ኮሌራ ወደ ብዙ አካባቢዎች ተዛምቶ ነበር። የሚቀጥለው መቼና ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። በጭንቅ ሰዓት ከመጨቃጨቅ በሰላሙ ቀን መመካከር ይሻላል።

የ2012 ትውስታ

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። ሦስት ቀን ሳይቆይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በመጋቢት መጨረሻ የአማራ ክልል ባሕር ዳርን ጨምሮ በጥቂት ከተሞች እንቅስቃሴን አገደ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በመላ አገሪቱ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ አውቶቡሱና ታክሲው በግማሽ ጭነት እንዲሄድ ታዘዘ። ተከራይን ከቤት ማስወጣትና ሠራተኛን ማሰናበትም ተከልክሎ ነበር።

ሌሎች አገሮች እንዳደረጉት ሕዝቡን በሙሉ ቤት መዝጋት ግን አልተደረገም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በወቅቱ ምክንያቱን ሲገልጹ፣ መጠለያ የሌለው ወገን እንዳለ፣ ቤት ያለውም ቢሆን የዕለት ጉርሱን ወጥቶ የሚያገኝ መሆኑን ተናግረዋል።

ሚያዝያ 16 ቀን 2012 ረመዷን ገባ። ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ። የዒድ ሰላትም በአደባባይ ሳይሰገድ ቀረ። የዚያ ዓመት ሐጅም በሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ተፈቀደ። ከየመስጂዱ ደጃፍ አዛን እየተሰማ በሩ ዝግ ሆኖ ማየት ለብዙ አባቶቻችን ከበሽታው ያልተናነሰ ሐዘን ነበር።

በአገራችን በኮሮና መሞታቸው በይፋ የተመዘገበው ከ7,500 በላይ ሰዎች ናቸው። በዓለም ላይ የተመዘገበው ሞት ከ7 ሚሊዮን በላይ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባደረገው ግምት ግን በእ.ኤ.አ. 2020 እና 2021 ብቻ በወረርሽኙ ሰበብ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ያለፈው ሕይወት 15 ሚሊዮን ገደማ ነው። በሌላው የሚዛን ጎን ደግሞ የዓለም ባንክ በእ.ኤ.አ. 2020 ብቻ ወደ 70 ሚሊዮን ሰዎች ወደ ከፋ ድህነት መውረዳቸውን ገምቷል። ሁለቱም ቁጥሮች ሰዎች ናቸው። አንዱን አንስቶ ሌላውን የሚደብቅ ሚዛን ቀጥ ያለ ሚዛን አይደለም።

ዑመር (ረ.ዐ.) ሁለቱንም አይተዋል

ወደ ሰለፎቻችን ታሪክ እንመለስ። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ አካባቢ በኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዘመን ሁለት መከራዎች ተከታትለው ወረዱ። በሻም የዐምዋስ ወረርሽኝ፣ በመዲና ዙሪያ ደግሞ «ዓሙ ረማዳ» የተባለው የድርቅና የረሀብ ዓመት። ስለዚህ አንድ መሪ በአንድ ዘመን ውስጥ በበሽታም በረሀብም ተፈትኗል ማለት ነው።

በበሽታው ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም እየተጓዙ ሰርግ ከተባለ ቦታ ሲደርሱ የወረርሽኙን ወሬ ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፤ አንሷሮችን አማከሩ፤ ሐሳቡ ተለያየ። በኋላ የቁረይሽ አዛውንቶች እንዲመለሱ መከሯቸው፤ እሳቸውም ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) «ከአላህ ቀደር ይሸሻልን?» በሚል ስሜት ጠየቋቸው። ዑመርም ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንደሚሄዱ ነገሯቸው። አንዱ ለምለም ሌላው ደረቅ የሆነ ሁለት ዳርቻ ያለው ሸለቆ ውስጥ ግመሉን ያሰማራ ሰው፣ በየትኛውም ቢያግድ በአላህ ቀደር መሆኑን በምሳሌ አስረዷቸው። ለእንደኛ ከብት ለሚያሰማራ ሕዝብ ይህ ምሳሌ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዚያም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትን፣ ካለበትም ሸሽቶ መውጣትን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መከልከላቸውን አስተላለፉ። ዑመርም አላህን አመስግነው ተመለሱ።

በረሀቡ ጊዜስ? የተራበ ሕዝብ ቤት ተቀመጥ ተብሎ አልተተወም። ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ጽፈው እህል አስመጡ። ከሻም ግመል አስጭነው ከደረሱላቸው አንዱ እኚያው አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ነበሩ። ኸሊፋው ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ አልቀምስም ብለው መልካቸው እስኪጠቁር በዘይት ኖሩ። የዚያን ዓመት የዘካ አሰባሰብ አዘገዩ፤ በረሀብ ተገዶ በሰረቀ ሰው ላይም የስርቆትን ቅጣት ሳይፈጽሙ ቀሩ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። በበሽታ ጊዜ መንገድ የዘጉት ዑመር በረሀብ ጊዜ ጎተራ የከፈቱት ዑመር ናቸው። መዝጋቱን ብቻ ይዞ መመገቡን የተወ ከሱናው ግማሹን ብቻ ይዟል።

ሚዛኑ እንዴት ይያዛል?

ዑለሞቻችን ሸሪዓ የሚጠብቃቸው አምስት ነገሮች መሆናቸውን አስተምረዋል፤ እነሱም ዲን፣ ነፍስ፣ ዐቅል፣ ዘርና ንብረት ናቸው። ነፍስ ከንብረት ይቀድማል። በዚህ ልዩነት የለም። ታዲያ «ነፍስ ይቀድማልና ሁሉም ይዘጋ» ብለን ነገሩን እንጨርሰው? እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ባለ መጋዘኑ ለሁለት ወር ቢዘጋ ትርፉ ይቀንስበታል፤ ይህ የንብረት ጉዳይ ነው። ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርትና በርበሬ የምትቸረችር እናት ለሁለት ቀን ብትዘጋ ግን ልጆቿ ጦም ያድራሉ፤ ይህ የንብረት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የነፍስ ጉዳይ ሆኗል። «ኢኮኖሚ» የሚባለው ቃል ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚጠራቸው ያሳስተናል። ነጋዴው ትርፉን ለማዳን «ለድሃው አዝኜ ነው» ሲል፣ ደመወዙ በየወሩ የሚገባለት ደግሞ «ለነፍስ አዝኜ ነው» እያለ የቀን ሠራተኛውን ሲወቅስ ሰምተናል።

በሌላ በኩል «በሽታው የሚገድለው አዛውንቶችን ነው፤ ለእነሱ ተብሎ ወጣቱ አይራብ» የሚል ንግግርም በዓለም ላይ በሰፊው ተሰምቷል። ይህ ለሙስሊም የማይገባ ንግግር ነው። የአዛውንት ነፍስ ከወጣት ነፍስ በዋጋ አታንስም። አላህ በሱረቱል ማኢዳ አንዲትን ነፍስ ማዳን ሰውን ሁሉ እንደማዳን መሆኑን ሲነግረን ዕድሜዋን አልገደበም። ወላጆችን አስመልክቶም በተለይ እርጅና ሲደርስባቸው በጎ እንድንውልላቸው አዞናል። የምንመረቅበት ዱዓቸው እንኳ ለቤታችን በረካ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ የበለጠ የተወሳሰበ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ሐይቅ ከተማን እንውሰድ። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረው ያድራሉ። ልጁ የመኪና ረዳት ነው ወይም ከሐይቁ ዓሣ አስግሮ ይሸጣል፤ ወይም ከአምባሰል ውጫሌ እህል አምጥቶ ይቸረችራል። እንጀራውን ይዞ የሚገባው እሱ ነው፤ በሽታውንም ይዞ ሊገባ የሚችለው እሱ ነው። ቢወጣ ለእናቱ ሞት ያሰጋል፤ ባይወጣ እናቱም ልጆቹም ይራባሉ። ሀብታም አገሮች ያወጡት የመዝጋት ሕግ አዛውንቱ ለብቻቸው የሚኖሩበትንና መንግሥት ለቤት ተቀማጩ ገንዘብ የሚልክበትን ኑሮ መነሻ ያደረገ ነው። ለእኛ ሚዛኑ ያለው በአንድ ጣሪያ ሥር ነው።

ወሎ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። በ1965 እና 66ቱ ረሀብ ወገኖቻችን ያላቸውን ሸጠው ወደ አውራ ጎዳናው ወርደው በየመጠለያው ሲታጨቁ፣ ብዙዎችን የጨረሰው ረሀቡ ብቻ አልነበረም። ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ተስቦ አብረው ገቡባቸው። ረሀብ አቅምን አድክሞ ለበሽታ በር ይከፍታል፤ በሽታም አራሹንና ነጋዴውን ጥሎ ረሀብን ይጠራል። ስለዚህ አንዱን ለማጥፋት ሌላውን መጋበዝ መፍትሔ አይሆንም።

ኢባዳ ለምን ተገደበ?

ብዙ ወንድሞች «ገበያው ተከፍቶ መስጂዱ ለምን ተዘጋ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ጥያቄው ከዲን ፍቅር የመጣ በመሆኑ ሊናቅ አይገባውም። መልሱ ግን መስጂድ ከገበያ ያነሰ ስለሆነ አይደለም። ሰላት በቤት ውስጥ ምትክ አለው፤ ጤፍና ጨው ግን በቤት ውስጥ አይበቅልም። ዝናብና ጭቃ በበዛበት ቀን ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ በአዛን መነገሩ በሱና የተረጋገጠ ነው። ለጭቃ የተፈቀደ ነገር ለነፍስ ሲባል ቢፈቀድ የሚገርም አይሆንም።

ታላቁ የሐዲስ ሊቅ ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ሴት ልጆቻቸውን በወረርሽኝ ያጡ ዓሊም ናቸው። ስለ ወረርሽኝ በጻፉት ኪታብ በ833 ሂጅራ ካይሮ ላይ የሆነውን አስፍረዋል። የሟቹ ቁጥር በቀን ከ40 በታች ሳለ ሕዝቡ ሦስት ቀን ጾሞ ለዱዓ ወደ ሜዳ ወጥቶ ተሰበሰበ፤ ወር ሳይሞላው ሟቹ በቀን ከ1,000 በላይ ሆነ። ዱዓ መድኃኒት ነው፤ መታጨቁ ግን የዱዓ ሸርጥ አይደለም። እኛም ወዳጃችንን በየቤታችን፣ ከየቤተሰባችን ጋር ማድረግ እንችላለን።

ከእኛ የሚጠበቀው

ውድ አድማጮቻችን፣ መንግሥት የሚዘጋውንና የሚከፍተውን ይወስናል። በእጃችን ያለው ግን ቀላል አይደለም።

አንደኛ፣ ምርጫው ሁሉን መዝጋት ወይም ሁሉን መክፈት ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የሚቀረው ለነፍስ የማያስፈልገው ነው፤ የሠርግ ድግስ፣ የጫት ጀማዓ፣ ለወሬ መሰብሰብ። የመጨረሻ የሚነካው የእህል ገበያ ነው። እሱም ሲቆም ሳይሆን ሰፋ ብሎ፣ ሻጭ ከሻጭ ተራርቆ፣ በሜዳ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ በየቤቱ አዛውንቱንና ሕመምተኛውን ለይቶ መጠበቅ ነው። ሌላ ክፍል ከሌለ በመጋረጃም ቢሆን ጥግ ይለይላቸው፤ መስኮት ይከፈት፤ ዕቃቸው ይለይ። ከውጭ የገባ ሰው እጁን ሳይታጠብ አይቅረባቸው። እጅ መሳም ቢቀር አደብ ጎደለ አይባልም፤ በዚያ ጊዜ አደቡ መራቁ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የታመመ ግመል ያለው ሰው ጤነኛ ግመል ካለው ጋር እንዳያቀላቅል አዘዋል። ለግመል የተባለው ለእናት እንዴት ይቅር?

ሦስተኛ፣ «ቤትህ ተቀመጥ» የሚል ሰው «ምን ትበላለህ?» ብሎም ይጠይቅ። በ2012 በአዲስ አበባና በሌሎችም ቦታዎች ማዕድ ማጋራት በሚል ብዙ ወገን እህልና ዘይት አውጥቷል፤ ኪራይ የማሩና የቀነሱ አከራዮችም ነበሩ። አላህ ይቀበላቸው። ይህ በዘፈቀደ ሳይሆን በቅሬያችን በኩል በሥርዓት ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል። ቅሬ የጀናዛ ብቻ መሆን የለበትም። ማን የቀን ሠራተኛ እንደሆነ፣ በማን ቤት አልጋ የያዘ ሰው እንዳለ ከቅሬ ዳኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ዝርዝሩ ዛሬ ይያዝ፤ ከወር መዋጮም ጥቂት ይቀመጥ። የዘካ ባለቤቶችም ኒሳቡ ከሞላ፣ ዓመቱ ሳይሞላ ዘካን አስቀድሞ መስጠት በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀብ የተፈቀደ መሆኑን ይወቁ። የተራበ ሰው ዓመት እስኪሞላ አይጠብቅም።

አራተኛ፣ ነጋዴ ወንድሞቻችን አላህን ይፍሩ። ወረርሽኙ በገባ ሰሞን ሎሚና ነጭ ሽንኩርት፣ ጭምብልና ሳሙና በአንድ ቀን ዋጋቸው ሲሰቀል አይተናል። በሰው ጭንቀት ሸቀጥ መደበቅ ኢሕቲካር ነው፤ ሐራም ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ሲቸገር እስኪያገኝ ድረስ መጠበቅ፣ ብንተውለት ደግሞ የበለጠ መልካም መሆኑን ቁርኣን አስተምሮናል።

አምስተኛ፣ የዐቅል ጉዳይ እንዳይረሳ። በ2012 ትምህርት ቤት ለወራት ሲዘጋ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ቀረ። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ያልተመለሱ፣ የተዳሩና ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የተነሱ ልጆች አሉ። ዐቅልንና ዘርን መጠበቅም ከአምስቱ ናቸውና፣ በቀጣይ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የሚዘጋና ከሁሉ ዘግይቶ የሚከፈት ትምህርት ቤት እንዳይሆን እንምከርበት።

ለማጠቃለል፣ መዝጋት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ከመመገብ ጋር ይሁን። መክፈት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ከመጠበቅ ጋር ይሁን። ሳይመግብ የዘጋ የተራቡትን፣ ሳይጠብቅ የከፈተ አዛውንቶችን ለሞት አሳልፎ ሰጥቷል። በቂያማ ቀን የምንጠየቀው ገበያው ስንት ቀን ተዘጋ ተብሎ ሳይሆን፣ ጎረቤታችን ተርቦ ሲያድር፣ እናታችን ታማ ስትተኛ የት ነበራችሁ ተብለን ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በወረርሽኝ የሞቱትን ከሸሂዶች ይጻፍልን፤ የታመሙትን ያሽርልን፤ አገራችንን ከረሀብም ከበሽታም ከጦርነትም ይጠብቅልን። አዛውንቶቻችንን ከነዱዓቸው፣ ልጆቻችንን ከነተስፋቸው ያቆይልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።