ኅሊናን የሚያነጻው ምንድን ነው?



አገር ለቅቀን በርክ ስንገባ ያለፈው ሁሉ ከባሕር ማዶ የቀረ ይመስለናል። ኅሊና ግን አብሮን ይሻገራል።

በቀይ ሽብር የተሠቃየች አንዲት ወገናችን አትላንታ በምትሠራበት ሆቴል ያሠቃያትን ሰው በዚያው ተቀጥሮ አገኘችው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ከሰሰችው፤ በ1993ም ፍርድ ቤቱ ካሣ እንዲከፍል ፈረደበት። ሰውየው በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ።

ፍርድ ቤት ካሣ ይቆርጣል እንጂ ኅሊናን አያነጻም። የዕብራውያን መልእክት (9፥14) ኅሊናችንን የሚያነጻው የክርስቶስ ደም እንደ ሆነ ያስተምረናል። ይህም በገንዘብ የማይገዛ ስጦታ ነው። ታዲያ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ከተቀበለ በኋላ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ለምን ቃል ገባ? (ሉቃ. 19፥8) ይቅርታውን ሊገዛ አይደለም፤ ስለ ተቀበለው ነው እንጂ። የንስሐ አባቶቻችንም የቀማ ይመልስ፣ የበደለ ይካስ የሚሉት ለዚሁ ነው። ጾሙና ስግደቱ በመመለሱ ፈንታ የሚቆም አይደለም።

ከመካከላችን በደም የሚጠየቅ አይኖር ይሆናል። ነገር ግን ዕጣው ከወጣ በኋላ ሳይከፈል የቀረ ዕቁብ፣ እኅት ሳትካፈል የተሸጠ የአባት ቤት በየቤቱ አይጠፋም (ማንንም ለመንካት አይደለም)። ቀድሞ ደብዳቤ ወር ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ ስልኩ በኪሳችን ነው፣ ገንዘቡም ፈጥኖ ይደርሳል። ባለ ገንዘቡ አርፎ ከሆነ ልጆቹን መፈለግ ነው፤ እነርሱም ከታጡ የንስሐ አባትን ጠይቆ ለድሆች መስጠት ይቻላል።