በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤታችንን እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሲሠራ መጋዝ ሁለት ጣቱን ቆረጠው። «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ዝም አለ። ደመወዙ ቆመ፤ እኛም አዋጥተን ረዳነው እንጂ መብቱን አልነገርነውም። ሕጉን አናውቅማ!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ሠራተኛው ሆን ብሎ ወይም ሰክሮ ካላደረሰው በቀር አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። የሕክምናውን ወጪ ይከፍላል። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካቃተው 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ 3 ወር ከመቶ 75፣ ከዚያ 6 ወር ከመቶ 50 ያገኛል።

ስለዚህ አደራ! ጉዳቱን በዕለቱ ለአሠሪው በጽሑፍ አሳውቁ። የሐኪም ማስረጃና ያዩትን ሰዎች ስም ያዙ። እምቢ ካሏችሁ 1 ዓመት ሳይሞላ ክሰሱ።

የጎረቤታችን ዓመቱ ገና አልሞላም። ማመልከቻውን አብረነው እንጽፋለን።